ከፍ ሳይሆን ጮክ

«ከፍ አድርጊው» አሉ ምክትል ርእሰ መምህሩ፣ ከአዳራሹ የኋላ በር አጠገብ ቆመው።

ልጅቷ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አይሰማም። አሁንም ከፍ።»

አሁንም ከፍ አደረገች። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ስትጀምር ድምፅዋ ወደ ላይ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣና ውሃው ሲፈላ እንደሚያፏጭ ማንቆርቆሪያ ሆኖ መሃል ላይ ተሰነጠቀ። ወንበር ሲደረድሩ የነበሩት ልጆች ሥራቸውን ጥለው ሳቁ። አንደኛው በጥርሱ መሃል «ዝዝዝ» አለ። ሌላው አየር ላይ አጨበጨበ፤ ትንኝ መግደሉ ነው።

ትንኟ ይሏታል። ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ የተለጠፈባት ስም ነው። መጀመሪያ ስትባል አለቀሰች፣ ቀጥላ ተጣላች፣ በኋላ ግን ሰለቻትና «አቤት» ማለት ጀመረች። ድምፅዋ እንደሆነ ቀጭን ነው፤ ይሄ ሐሜት አይደለም፣ ራሷም ታውቀዋለች። ቀጭን ድምፅ ያለው ሰው ሁሉ ዝምተኛ የሚመስላችሁ ከሆነ ግን ተሳስታችኋል። ይቺ ልጅ ነገር አትውጥም። በቅዳሜው የወላጆች ስብሰባ ላይ የስምንተኛ ክፍልን ወክሎ የሚናገር ሰው ምረጡ ሲባል፣ ዓመቱን ሙሉ ሙድ ሲይዝባት የነበረው ክፍል ሁሉ እጁን ያወጣው ለእሷ ነበር። የሚነገረው ነገር ደፋር ይፈልጋላ።

ነገሩ ስለ ቤተ ሙከራው ነው። ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ አለው፤ ያውም ቆንጆ። መደርደሪያዎቹ ባለ መስታወት፣ ጠረጴዛዎቹ ነጭ፣ ዕቃዎቹ ከነላስቲካቸው። ችግሩ በሩ ነው። በሩ የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው፤ እንግዳው ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ብሎ ሲወጣ ይቆለፋል። ቁልፉ በምክትሉ ቀበቶ ላይ ከሌሎች ቁልፎች ጋር ተንጠልጥሎ ሲንቃጨል ይውላል። ተማሪ ክፈቱልን ሲል መልሳቸው አንድ ቃል ነው፤ «ይሰበራል።» እንግዲህ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ማይክሮስኮፕን የሚያውቀው ግንባሩን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ነው።

ወረቀቷ ላይ የተጻፈውም ይሄው ነበር። ከሰላምታና ከምስጋና ቀጥሎ፣ ቤተ ሙከራችን ይከፈትልን የሚል።

ምክትሉ በወንበሮቹ መሃል ቀስ ብለው መጡና ወረቀቱን ከእጇ ወሰዱ። ሰውየው ተቆጪ አይደሉም፤ እንዲያውም ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ጥጥ የለሰለሰ ነው። ሰው የሚታለልላቸውም ለዚህ ነው።

«አየሽ የኔ ልጅ፣ ድምፅሽ ቀጭን ነው» አሉ። «ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ ተፈጥሮ ነው። ቅዳሜ ማይክ ስላለ አትጨነቂ። ጽሑፉን ግን ትንሽ እናስተካክለዋለን።»

እስክሪብቶ አወጡና ስለ ቤተ ሙከራው የሚለውን መስመር ሰረዙት። ከላዩ ላይ «በተሟላ ቤተ ሙከራ እየታገዝን እንማራለን» ብለው ጻፉ።

ልጅቷ አነበበችው። የተሳሳተች መስሏት ደግማ አነበበችው።

«ቲቸር፣ ይሄ ውሸት ነው።»

«ውሸት? ቤተ ሙከራው ተሟልቷል ወይስ አልተሟላም?»

«ተሟልቷል።»

«ታዲያ?»

«ተቆልፏል።»

ምክትሉ ፈገግ አሉ። «ወላጅ የሚመጣው ሊደሰት ነው። የተጻፈውን አንብቢ፣ ጎበዝ።» ትከሻዋን መታ መታ አድርገው፣ ቁልፎቻቸውን እያንቃጨሉ ወጡ። ጎበዝ የሚለው ቃል እንደዚያን ቀን አስጠልቷት አያውቅም።

ልጆቹ ወንበሩን ጨርሰው ሲወጡ አዳራሹ ውስጥ ከእሷ ጋር የቀረው ገመዴ ብቻ ነበር። ገመዴ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ነው። ትከሻው ላይ የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ገመድ ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው እንዲህ የተባለው። በትምህርት ቤቱ ፕሮግራም ሁሉ ማይክ የሚተክለው፣ ስፒከር የሚያገናኘው፣ አምፕሊፋየሩ ጋ ተቀምጦ ድምፅ የሚጨምርና የሚቀንሰው እሱ ነው። ሥራውን ይወዳታል፤ ማንም ሰው ያቺን የቮልዩም ማዞሪያ እንዲነካበት አይፈልግም።

«ትንኟ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን እንዳትናደጂ» አለ፣ የጠቀለለውን ገመድ ፈትቶ እንደገና እየጠቀለለ።

እንዲህ ተብሎ ተጀምሮ የማያናድድ ወሬ እስካሁን ሰምታ አታውቅም።

«ምክትሉ ጠርተውኝ ነበር። ቅዳሜ ከወረቀቱ ከወጣሽ ቮልዩሙን ዝቅ አድርግ ብለውኛል። ቀስ ብለህ፣ የመብራት ችግር እንዲመስል አሉኝ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

ገመዱን እንጂ እሷን አላያትም። «እሺ አልኳ።»

«እሺ አልክ?»

«እናቴ እዚህ እንደምትሠራ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። እናቱ የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ ውላቸው በየዓመቱ የሚታደሰው በምክትሉ ፊርማ ነው፤ የሚታደስበት ጊዜም ደርሷል። ይሄን ሁሉ ታውቃለች፤ ግን ደሟ ፈልቶ ስለነበር ማወቋ ምንም አልጠቀማትም።

«አድርባይ» አለችው። «ደግሞ ጀለስ ነኝ ይላል። አቦ ተወኝ።»

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። በሩን ወርውራ ልትዘጋው ፈልጋ ነበር፤ ነገር ግን በሩ ከባድ ስለሆነ እሺ አላላትም፣ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ይሄም አናደዳት።

ቤት ስትደርስ አያቷ መስኮቱ ስር ተቀምጠው የኮታቸውን ቁልፍ ይተክላሉ። እናቷ ዳቦ ቤት ስለምትሠራና ቅዳሜ ዕረፍት ስለሌላት፣ ለወላጆች ስብሰባ የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። ኮቱ ከሰኞ ጀምሮ እየተዘጋጀ ነው።

«አባባ፣ ቅዳሜ እንዳይመጡ» አለች ጫማዋን እያወለቀች።

«ሃ?»

አያቷ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ያን ሁሉ ዓመት ሞተሩ ከጎናቸው ሲያጓራ ስለኖረ ጆሯቸው ከበድ ይላል፤ እሳቸው ግን ጆሮዬ ደህና ነው፣ የዘንድሮ ሰው ነው የሚያንሾካሹከው ባይ ናቸው።

«ቅዳሜ እንዳይመጡ!» ከፍ አደረገችው።

«ማን መጣ?»

«እንዳይመጡ ነው የምልዎት!» ይብስ ከፍ አደረገችው፤ ማንቆርቆሪያው ተመልሶ መጣ።

አያቷ ፊታቸውን አጨማደዱ። «ኧረ እባክሽ አታፏጪብኝ። ቀጭን ስታደርጊው ጭራሽ አይገባኝም። እናትሽ ስታወራ እሰማታለሁ። ያ የጎረቤት አናጺ እቤቱ ሆኖ ሲያወራ እንኳ እሰማዋለሁ። አንቺ ስትጮሂ ብቻ ነው የማልሰማው።»

እንዲህም አለ እንዴ? ጆሮ የከበዳቸው እሳቸው፣ ጥፋተኛዋ እሷ። አኩርፋ ሳትበላ ልትተኛ አሰበች፤ ሆዷ ስላልተስማማ ግን በልታ ተኛች።

በማግስቱ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ትምህርቱ ስለ ድምፅ ነበር። መምህርቷ ሰሌዳው ላይ ሁለት ሞገድ ሣሉ። አንደኛው ጥቅጥቅ ብሎ ቁመቱ አጭር፣ ሁለተኛው ዘርዘር ብሎ ቁመቱ ረጅም።

«ከፍተኛው ድምፅ የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ።

ግማሹ ክፍል «አንደኛው» አለ፤ ግማሹ «ሁለተኛው» አለ። የኋላ ወንበር ያሉት ሁለቱንም አሉ፤ አንዱ ይሳካል ብለው ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ መምህርቷ። «በመጥፎ ቃል ጠየቅኳችሁ። ‹ከፍ ያለ› ስል ቀጭን ማለቴ ነው ወይስ ጮክ ያለ? አፋችን ሁለቱንም ‹ከፍ› ይላቸዋል። ሞገዱ ግን አያምታታቸውም።» በመስኮቱ ወደተቆለፈው ክፍል አየት አደረጉ። «እዚያ ውስጥ ይሄን የምታሳይ ሹካ የምትመስል ብረት አለች። ለጊዜው ማስመሪያችሁን አውጡ።»

ማስመሪያውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀምጡ፣ ግማሹን በመዳፋችሁ ተጭናችሁ ያዙ፣ በአየር ላይ የቀረውን ጫፍ በጣታችሁ ወደ ታች ስባችሁ ልቀቁት አሉ። ክፍሉ በአንድ ጊዜ የንብ ቀፎ ሆነ።

«አሁን በትንሹ ስባችሁ ልቀቁ። ቀጥሎ በብዙ።»

ትንኟ በትንሹ ሳበች፤ ማስመሪያው «ድርርር» አለ፣ ለራሷ ብቻ። ወደ ታች አርቃ ስባ ለቀቀችው። ጫፉ ላይና ታች ሲወዛወዝ በዓይን እስኪታይ ድረስ ሰፋ፤ ድምፁም ያው ወፍራሙ ድምፅ ሆኖ ጮኸ። ከፊቷ የተቀመጠው ልጅ ዞሮ አያት።

«በሴኮንድ ስንት ጊዜ ተወዛወዘ የሚለው ድግግሞሽ ነው፤ ድምፁን ቀጭን ወይም ወፍራም የሚያደርገው እሱ ነው» አሉ መምህርቷ። «ምን ያህል ርቆ ተወዛወዘ የሚለው ደግሞ የንዝረቱ ስፋት ነው፤ አምፕሊቲዩድ። ጮክ የሚያደርገው ይሄኛው ነው። ስፋቱን እጥፍ ብታደርጉት የሚሸከመው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። አሁን ደግሞ ማስመሪያውን ወደ ውስጥ ግፉት፤ በአየር ላይ የሚቀረው አጭር ይሁን።»

ትንኟ ገፋችው። ለቀቀችው። «ጥርርር» አለ፤ ቀጭን። አሁንም ወደ ውስጥ ገፋችው፤ ይብስ ቀጠነ፣ አሁንም ገፋችው፣ አሁንም ቀጠነ፤ ድምፁ ግን አልጨመረም፤ እንዲያውም አጭር ጫፍ ብዙ መወዛወዝ ስለማይችል አነሰ። ይቺን ድምፅ ታውቃታለች። ትናንት አዳራሹ ውስጥ የተሰነጠቀችው ድምፅ ናት፣ አያቷ አታፏጪብኝ ያሉባት ድምፅ ናት።

ለካስ ከፍ አድርጊው ባሏት ቁጥር ስትገፋ የኖረችው ማስመሪያውን ወደ ውስጥ ነው። ሰዎቹ ከፍ ሲሏት ጮክ በይ ማለታቸው ነው፣ እሷ ቀጭን ታደርገዋለች፤ አይሰማም ይሏታል፣ ይብስ ታቀጥነዋለች። ተፈጥሮ ነው ተባለች፣ እሷም አምና ተቀበለች። ያመነችበት ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ታወሳትና ቆሽቷ አረረ። በራሷ ተናደደች፣ በምክትሉም ተናደደች፣ በ«ከፍ»ም ተናደደች።

እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ቀጭን ድምፅ ጮክ ሊል ይችላል?»

«የሕፃን ልቅሶ ቀጭን ነው» አሉ መምህርቷ። «ተኝተሽበት ታውቂያለሽ?»

ከትምህርት በኋላ ገመዴን አዳራሹ ውስጥ አገኘችው። ስፒከሩን ገልብጦ ሽቦ ያጠብቃል፤ ስትገባ ቀና ብሎ አይቷት መልሶ አጎነበሰ።

«አድርባይ ያልኩህን አንስቻለሁ» አለች።

«ልክ ነሽ እኮ። አድርባይ ነኝ።»

«አይደለህም። እናትህን ነው ያሰብከው። እኔ ብሆንም እሺ እል ነበር።» እውነቱን ለመናገር፣ እሺ እንደምትል እርግጠኛ አልነበረችም፤ ግን የሚባለው እንደዚያ ነው። «ስማ፣ አምፕሊፋየር ምንድን ነው የሚሠራው?»

«ድምፅ ያጎላል።»

«እንዴት?»

ገመዴ አሰበ። ከዚያ ፊቱ በራ። «አምፕሊቲዩዱን ነዋ የሚጨምረው። ስሙ እኮ ራሱ… ወይ ጉድ፣ ዕድሜ ልኬን ነው የማዞረው፣ አስቤው አላውቅም።»

«እና ማዞሪያው ዝቅ ሲል የሚቀንሰው የስፒከሩን ነው። የኔን አይደለም። ቅዳሜ የታዘዝከውን አድርግ፣ ዝቅ አድርገው። እናትህ ላይ ማንም ጣቱን እንዳይቀስር። የቀረውን ለኔ ተውልኝ።»

«ያለ ማይክ? ይሄን ሁሉ አዳራሽ?» ወደ ኋላ ወንበሮች አየ። «ትንኟ፣ ሼም እንዳይሆን።»

«ሂድና የኋላ በር ጋ ቁም። ሲቀጥን ንገረኝ።»

ሄዶ ቆመ። እሷ መድረኩ ላይ ሆና ጀመረች፤ ገና ሁለተኛው ቃል ላይ ገመዴ «ቀጠነ» አለ። እንደገና ጀመረች። «ቀጠነ።» ጉሮሮዋን ትታ ከሆዷ አየር ስባ ጀመረች፤ ይሄኛው ትንሽ ሄደ፣ ከዚያ ስትቸኩል «ቀጠነ።» ስንት ጊዜ እንደተባለች አይነገርም። አንድ ጊዜ በንዴት ወንበር ረገጠችና አውራ ጣቷን ይዛ በአንድ እግሯ ዘለለች። ገመዴ ሳቀ፣ እሷም እያመማት ሳቀች፤ ሳቋ አዳራሹን ሞልቶት ወጣ።

«እሱን!» አለ ገመዴ ከሩቅ። «አሁን የሳቅሽበትን ድምፅ። እሱን አውሪው።»

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ጢም አለ። ወላጆች እርስ በርስ ያወራሉ፣ ስልክ ይጮኻል፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ። አያቷ ባለ አዲስ ቁልፍ ኮታቸውን ለብሰው መጥተዋል፤ እግራቸውን የሚዘረጉበት ቦታ ፈልገው በመጨረሻው ረድፍ፣ በሩ ጥግ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊት ይቀመጡ ብትላቸው «ሹፌር ነበርኩ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከፊት ተቀምጫለሁ፣ ይበቃኛል» አሉ። የገመዴ እናት መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው በጎን በር በኩል ቆመዋል።

ምክትሉ በለስላሳ ድምፃቸው እንግዶቹን አመሰገኑ፣ ስለ አበባው አትክልት ተናገሩ፣ ስለ አዲሱ ቀለም ተናገሩ፣ ከዚያ «ውድ ተማሪያችን» ብለው ማይኩን ሰጧት።

ሰላምታውን ከወረቀቱ አነበበች። ምስጋናውንም አነበበች። ስፒከሩ ድምፅዋን ተቀብሎ አጉልቶ ወደ ግድግዳው ወረወረው፤ ደስ ይላል፣ ምንም ድካም የለውም። የተሰረዘው መስመር ጋ ደረሰች። በምክትሉ የእጅ ጽሑፍ ከላይ የተጻፈውን አየችው። እሱን አንብባ ብትቀመጥ ጭብጨባ አለ፣ ጎበዝ አለ፣ አያቷም ኮታቸውን ቀጥ አድርገው ወደ ቤት ይዘዋት ይሄዳሉ። ምን ቆርጧት። ወረቀቱን አጠፈችው።

«ቤተ ሙከራችን የተሟላ ነው» አለች። «ግን ተቆልፏል። ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን…»

ድምፁ ሸሸ። በጎን ስታይ ገመዴ አምፕሊፋየሩ ጋ ሆኖ ማዞሪያውን ይዟል። አደራዋን እየፈጸመ ነው። ከኋላ ረድፍ ማጉረምረም ተነሳ። «አይሰማም» አለ አንድ ሰው።

ምክትሉ ብድግ አሉ። «ይቅርታ፣ መብራቱ ተቆራርጦብን ነው» አሉ ዓይናቸውን በጨው አጥበው፤ ከራሳቸው በላይ አምፖሎቹ ሁሉ ቦግ ብለው በርተዋል። «አንቺ ተቀመጪ የኔ ልጅ። የቀረውን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን።»

«ይያዙልኝ ቲቸር» አለችና ማይኩን ሰጠቻቸው። ሰውየው ሳያስቡት ተቀበሏት።

አንድ እርምጃ ወደ መድረኩ ጫፍ ሄደች። የመጀመሪያዋ ቃል ቀጥና ወጣች፤ መሃል ላይ ከተቀመጡት ልጆች አንዱ «ዝዝዝ» አለ። አቆመች። አሁን ግን ችግሩን ታውቀዋለች፣ የሚታወቅ ችግር ደግሞ ያን ያህል አያስፈራም። ከሆዷ አየር ሳበች። ማቅጠኑን ተወችው፣ ማስፋቱን ያዘች።

«ቤተ ሙከራችን ተቆልፏል» አለች።

አዳራሹ ሰማት። ድምፅዋ ያው ቀጭኑ የእሷ ድምፅ ነው፤ ማንም ሌላ ሰው አልሆነችም። ግን ጮኸ፣ ወንበሮቹን አልፎ ሄደ፣ የኋላውን ግድግዳ ነካ። ስልክ ያዩ የነበሩት ቀና አሉ። ወሬ የያዙት ሁለት አባቶች ወሬያቸውን አቋረጡ።

«ማይክሮስኮፕ አለን፤ ያየነው በመስኮት ነው። ስለ ድምፅ የተማርነው በማስመሪያ ነው። ማስመሪያውም ጥሩ ነው፣ አስተምሮናል፤ መምህራችን ያላቸውን አድርገዋል። ዕቃው የተገዛው ግን ለእኛ ነው። ይሰበራል ይሉናል። ልንሰብር እንችላለን፣ እውነት ነው። እንዳንሰብር የምንማረው ግን ነክተነው ነው። ወረቀቴ ላይ ‹በተሟላ ቤተ ሙከራ እየታገዝን እንማራለን› ተብሎ ተጽፎልኛል። አላነበውም፤ ምክንያቱም አልተማርንበትም። ቤተ ሙከራው ይከፈትልን። ክፍሌ እንድናገር የላከኝ ይሄንን ነው።»

ጨረሰች። ጭብጨባ አልነበረም። ከመሃል ረድፍ ሕፃን ያቀፉ አንዲት እናት ተነሱ።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?» አሉ።

የሰው ሁሉ ዓይን ወደ መድረኩ ዞረ። የምክትሉ እጅ ወደ ቀበቷቸው ሄደ፣ ከዚያ ተመለሰ። ማይኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው መልስ መስጠት ጀመሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ፈገግታቸው አለ፣ አንድም ቃል ግን አይሰማም። ለስላሳ ድምፃቸው የለመደው በማይክ መጉላት ነው፤ ቮልዩሙ ደግሞ ገመዴ እጅ ውስጥ እንደታዘዘው ዝቅ ብሎ ተቀምጧል።

«አይሰማም!» አሉ አያቷ ከበሩ ጥግ። «ልጅቷን ሰምተናል። እርስዎ አይሰሙም።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ምክትሉ ወደ ገመዴ እያዩ በጣታቸው ወደ ላይ ወደ ላይ ያመለክታሉ፤ ከፍ አድርገው ማለታቸው ነው። ገመዴ ማዞሪያውን እንደያዘ ደርቆ ቀርቷል። ምክትሉን አየ፣ በጎን በር የቆሙትን እናቱን አየ፣ ከዚያ እሷን አያት። እጁ አልተንቀሳቀሰም። ምን እንደሚጠብቅ ገባት፤ ተወው ብትለው ይተወዋል።

ልትለው ቃጥቷት ነበር፤ ማን በጠላው። አንድ ደቂቃ እንኳ እንደዚያ ቆመው አፋቸውን ሲያላውሱ ብታያቸው አንጀቷ ቅቤ በጠጣ። ግን ሰውየው መልሳቸው ሳይሰማ ወደ ቤታቸው ከሄዱ፣ ሰኞ ቁልፉ ያው ቀበቷቸው ላይ ነው፤ ገመዴም ለማን ብሎ እንዳልታዘዘ ይጠየቃል። የሴትየዋ ጥያቄ ገና አልተመለሰም።

«ገመዴ፣ ጨምርላቸው» አለች፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማት። «መልሳቸውን ሁሉም ሰው ይስማ።»

ገመዴ ጨመረው። ስፒከሩ «ጥፍፍ» ብሎ ተነፈሰና ምክትሉ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ በአራቱም ማዕዘን ተሰማ። ወንበሯ ከመድረኩ ስር ባዶውን ይጠብቃታል፤ እሷ ግን አልተቀመጠችም። ከሰውየው አጠገብ፣ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ፣ መልሱን ቆማ ጠበቀች።